ደቦ ሲጠራ ሳይጠራ የሚቀር ልጅ፦ በጎ ፈቃድን ለተገፉ ወጣቶች መክፈት ሲባል ምን ማለት ነው?

ሐምሌ ሲገባ የጎጃም ከተሞች በቲሸርት ይደምቃሉ። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላ፣ ሞጣ፣ ባሕር ዳር። ወጣቶች አካፋና ዶማ ይዘው በጭቃው ይወጣሉ። የአንዲት አሮጊት ያረጀ ጣሪያ ተነሥቶ አዲስ ቆርቆሮ ይመታል። ችግኝ ይተከላል፣ ደም ይለገሳል፣ ለታናናሾች የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል። ሰላሙ በደፈረሰበት አካባቢ ነገሩ እንደ ድሮው አይደለም። ቢሆንም «የክረምት በጎ ፈቃድ» ሲባል ሁላችንም የምናስበው ይህንኑ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የፈረንጆቹን 2026 ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃደኞች ዓመት ብሎ ሰይሞታል። ስለዚህ ሰሞኑን «አካታች በጎ ፈቃድ» የሚል ቃል በየስብሰባው ይሰማል። ብዙ ሰው ቃሉን ሲሰማ ለአካል ጉዳተኞች ወይም ለድሆች እርዳታ ማድረስ ይመስለዋል። እርዳታ ማድረስ መልካም ነው፣ ግን ቃሉ የሚለው ሌላ ነው። እስከ ዛሬ ተረጂ ተብለው ብቻ የታዩ ልጆች ረጂ ሆነው ከሌላው ጋር እኩል እንዲቆሙ መንገዱን ማስተካከል ማለት ነው። ጣሪያው ከሚቀየርላት አሮጊት ጎን ሳይሆን ቆርቆሮውን ከሚመታው ልጅ ጎን።

በእኔ እምነት ይህ በደንብ ያልገባን ነገር ነው። እስቲ ከሥሩ እንየው።

በጎ ፈቃድ ራሱ ምንድን ነው?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንድ፣ ሰውየው በራሱ ፈቃድ መምጣት አለበት። ሁለት፣ ሥራው ለሌላው ሕዝብ የሚጠቅም መሆን አለበት። ሦስት፣ ሰውየውን ያመጣው ዋናው ነገር ገንዘብ መሆን የለበትም። ሦስተኛው ላይ ቆም በሉ። «አንድ ሳንቲም አይሰጠው» አይልም። ወደዚህ እንመለስበታለን።

ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ደቦ አለን። ወንፈል አለን። ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ እኔ ላንተ፣ ነገ አንተ ለእኔ። ደቦ ግን ሰፋ ይላል። አጨዳ የደረሰበት፣ ቤት የሚያቆም ሰው ይጠራል፤ ጎረቤቱ ይመጣል። እድሩ ድንኳን ይተክላል። መኪና በማይገባበት ቀበሌ የታመመን ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው የሰፈሩ ጎረምሳ ነው። ማንም ፎርም አያስሞላውም።

በዓለምም እንደዚሁ ነው። በ2018 በፈረንጆች በወጣ የተባበሩት መንግሥታት ግምት መሠረት ከዓለም የበጎ ፈቃድ ሥራ 70 በመቶ የሚሆነው በድርጅት በኩል የሚደረግ አይደለም። ሰው ለሰው፣ በሰፈር የሚደረግ ነው። ስለዚህ «የተገፉ ወጣቶች በጎ ፈቃድ አይሠሩም» የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ይሠራሉ። ከእነሱ የራቀው መዝገብ ያለው፣ ቲሸርት ያለው፣ ምስክር ወረቀት የሚያሰጠው በጎ ፈቃድ ነው። ሥራ ሲጠየቅ «ልምድ» ተብሎ የሚቆጠረው ደግሞ እሱ ነው።

«የተገፉ» የሚባሉት እነማን ናቸው?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ወጣት ይለዋል። የተገፋ ወጣት ማለት ደግሞ በራሱ ጥፋት ሳይሆን በተወለደበት ቤት፣ በአካሉ፣ በሥራው፣ በቋንቋው ወይም በኑሮው ምክንያት ሌላው ከሚገኝበት ቦታ እንዲቀር የተደረገ ልጅ ነው። በጎጃም ይህ ማን ነው? ስሙን እየጠራን ብንነጋገር ይሻላል።

የባለእጅ ልጆች አሉ። የሸክላ ሠሪ፣ የቀጥቃጭ፣ የሸማኔ፣ የቆዳ ፋቂ ልጆች። «ቡዳ» እየተባሉ ያደጉ ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ስድቡ በአደባባይ ቀንሷል። በጋብቻና በገበታ ላይ ግን ዛሬም አለ።

በልጅነቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ሸክላ ይዛ የምታልፍ ሴት ነበረች። እኛ ደጅ ላይ ታርፋለች። ውኃ ስትጠይቅ የሚሰጣት ለብቻው በተቀመጠ ጣሳ ነበር። ጣሳው ከሌላ ዕቃ ጋር አይታጠብም። እናቴ ክፉ ሰው አልነበረችም፣ ስንቅም ትሰጣት ነበር። ቡናችን የሚፈላበት ጀበና ግን የዚያች ሴት የእጅ ሥራ ነው። ይህን አንድ ላይ ማሰብ የጀመርኩት ካደግሁ በኋላ ነው። ልጇ የእኔ እኩያ ነበረች። የት እንደደረሰች አላውቅም።

በጣና ዳር የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አለ። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ፣ የወፍጮ ድንጋይ የሚጠርቡ፣ ሐይቁን እንደ እጃቸው መዳፍ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ቀድሞ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። የጉማሬ ሥጋ ትበላላችሁ ተብለው ከጎረቤት ገበታ ተለይተው ኖረዋል።

አካል ጉዳት ያለባቸው ወጣቶች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶው፣ ማለትም ከስድስት ሰው አንዱ፣ ከባድ የአካል ጉዳት አለበት ይላል። በወጣቶች ዘንድ ቁጥሩ ከዚህ ያንሳል። ቢሆንም 60 አባል ባለው የበጎ ፈቃድ ቡድን ውስጥ አንድም አካል ጉዳተኛ ከሌለ፣ አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

እግራቸው የሚያብጥ ወጣቶችም አሉ። ይህን ብዙ ጽሑፍ ይዘለዋል፤ ጎጃም ውስጥ ግን መዝለል አይቻልም። በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው እብጠት አንዱ ዓይነት በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በመሄድ ይመጣል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ቅንጣቶች በቆዳው በኩል ይገቡና እግር ውስጥ ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቱቦዎች ይጎዳሉ። ተውሳክ የለውም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አንዳንድ ቤተሰብ በተፈጥሮው ይበልጥ ተጋላጭ ስለሆነ ግን ሰው «የዘር በሽታ» ወይም «እርግማን» ይለዋል። በኢትዮጵያ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ይህ ችግር እንዳለበት ይገመታል። ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም በብዛት ከሚታይባቸው አካባቢዎች ናቸው። እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብና ጫማ ማድረግ ይከላከለዋል፣ የጀመረውንም ያቀልለዋል።

ከእነዚህ ሌላ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ልጃገረዶች፣ ጎዳና የሚያድሩ ልጆች፣ ሊስትሮዎች፣ የቀን ሠራተኞች፣ ከቀያቸው የተፈናቀሉ፣ በግጭቱ ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው አሉ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነ የአዊና የጉሙዝ ልጆችም አሉ። አንዱ ልጅ ሁለቱን ሦስቱን በአንድ ላይ ሊሸከም ይችላል። መስማት የተሳናት የሸክላ ሠሪ ልጅ ብትኖር፣ ሸክሟ ሁለት ብቻ አይሆንም፤ ይባዛል።

በሩ ክፍት ነው፤ ታዲያ ለምን አይመጡም?

አስተባባሪዎች ብዙ ጊዜ ይህን ይላሉ። «ማንንም አልከለከልንም።» እውነታቸውን ነው። ግን በነሐሴ ወንዝ ሞልቶ እያለ ማዶ ሆኖ «ኑ፣ በሬ ክፍት ነው» የሚል ሰው አስቡ። በሩ በእርግጥ ክፍት ነው። መሻገሪያው የት አለ?

አንድ ሊስትሮ እንውሰድ። ዕድሜው 17 ነው እንበል። ቀን የሚያገኘው ማታ የሚበላው ነው። ቅዳሜ ችግኝ ተከላ ቢመጣ ቅዳሜ ማታ አይበላም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ግን እናቱ ቤት ምሳ አለው። ሁለቱም ለአንድ ቀን ሥራ ተጠሩ። የተጠየቁት ግን እኩል አይደለም።

የጊዜው ጉዳይም አለ። የበጎ ፈቃዱ ወቅት የተቆረጠው በተማሪ ልክ ነው፤ ትምህርት ሲዘጋ ይጀመራል፣ ሲከፈት ያልቃል። ለገበሬ ልጅ ክረምት ዕረፍት አይደለም፤ ጉልጓሎና አረም ነው። በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ከእሑድ ከሰዓት በቀር የራሷ ሰዓት ላይኖራት ይችላል። ሥራው ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከሆነ ገና ሳይጀመር እሷ ወጥታለች።

ወረቀቱ ሌላ ነው። «የቀበሌ መታወቂያ፣ ከትምህርት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ይዘህ ና።» ጎዳና የሚያድር ልጅ አድራሻ የለውም። አድራሻ ከሌለ መታወቂያ የለም። ትምህርት ያቋረጠች ልጅ ደብዳቤ የሚጽፍላት ትምህርት ቤት የላትም። ይህን የጻፈው ሰው ልጆቹን ለማራቅ ብሎ አልጻፈውም። ቅጹን ሲያዘጋጅ በሐሳቡ የነበረው ልጅ አንድ ዓይነት ብቻ ስለሆነ ነው።

ወሬውስ እንዴት ይደርሳል? በቴሌግራም፣ ወይም መኪና ላይ በተጫነ ሞንታርቦ። መስማት የተሳነው ልጅ ሞንታርቦውን አይሰማም። ዓይነ ሥውሯ በግድግዳ የተለጠፈውን አታነብም። ስማርት ስልክ የሌለው ቴሌግራም የለውም። እንጅባራ አካባቢ ገጠር ያለ ልጅ ደግሞ ያደገው በአገውኛ ነው፤ በቢሮ አማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ አንብቦ «ይህ ለእኔ ነው» ብሎ ላያስብ ይችላል።

እስካሁን ያልኩት በገንዘብና በትንሽ ማሰብ ይፈታል። ከባዱ የማይታየው ነው። «አንተ አረፍ በል፣ እኛ እንሠራዋለን» የሚለው ደግነት። እግሩ የሚያነክስ ልጅ ይህን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ሲሰማ አድጓል። ሃያ ሲሞላው አትችልም የሚለው ሰው አያስፈልግም። ራሱ ለራሱ ይለዋል።

የምሳ ሰዓትም አለ። ይህ የጎጃም ሰው ብቻ የሚያውቀው ዓይነት ነገር ነው። ሥራው በአንድ ላይ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። እጅ መታጠቢያው ሲመጣና ትሪው ሲቀርብ ግን ማን ከማን ጋር ይቀመጣል? የባለእጅ ልጅ ያን ሰዓት ያውቀዋል። ለዚያ ሰዓት ሲል ጠዋቱኑ አይመጣም። አስተባባሪው ደግሞ መዝገቡን አይቶ «ፍላጎት የላቸውም» ብሎ ይጽፋል።

እዚህ ላይ ስለ ደቦም እውነቱን መናገር አለብኝ። ደቦ ሁሉን አቀፍ ነበር እያልን እንመካለን። በብዙ ቦታ ግን ሸክላ ሠሪዋ ለደቦ አትጠራም፣ ብትጠራም ለብቻዋ ትበላለች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ስንል ሃምሳውን የቆጠርነው ከእነማን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

ወጪ ከተሸፈነ በጎ ፈቃድነቱ አይቀርም?

ይህ በጣም የሚነሳ ጥያቄ ነው። መልሱ ደቦ ውስጥ አለ። ደቦ የጠራ ሰው ጠላ ይጠምቃል፣ እንጀራ ይጋግራል፣ ወጥ ይሠራል። የመጣው ሰው ጠግቦ ይበላል። «ለሥራው ተከፈለው» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የለም። ደቦ ጠርቶ ሰውን በባዶ ሆዱ የሚሸኝ ግን ያሳፍራል። በሚቀጥለው ማንም አይመጣለትም።

በጎ ፈቃድም እንደዚያ ነው። ደሞዝና ወጪ የተለያዩ ናቸው። ደሞዝ የሥራ ዋጋ ነው። ወጪ ደግሞ ሰውየው በመምጣቱ ከኪሱ የሚጎድለው ነው፤ የባጃጅ ደርሶ መልስ፣ ምሳ፣ ቦት ጫማ፣ ጓንት፣ ሳሙና። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚም እዚህ ይገባል። ወጪው ሲሸፈን ደሃውና ሀብታሙ ልጅ በእኩል መሥዋዕትነት ይመጣሉ። ካልተሸፈነ በጎ ፈቃድ አቅም ያለው ሰው ብቻ የሚችለው ነገር ይሆናል።

አውሮፓውያን በዚህ በኩል የተማሩትን ማየት ይጠቅማል። የአውሮፓ ኅብረት ከ18 እስከ 30 ዓመት ለሆኑ ወጣቶች «የአውሮፓ ሶሊዳሪቲ ኮር» የሚባል ፕሮግራም አለው። ለበጎ ፈቃደኛው ጉዞውን፣ መኖሪያውን፣ ምግቡን፣ ኢንሹራንሱንና ትንሽ የኪስ ገንዘብ ይሸፍናል። በመደበኛው አንድ ወጣት ለብቻው የሚሰጠው አገልግሎት ከ2 ወር እስከ 12 ወር ነው። ዕድል ለጠበባቸው ወጣቶች ግን ከ2 ሳምንት ጀምሮ እንዲሆን ተፈቅዷል። የቅርብ አማካሪ ለመመደብም ተጨማሪ በጀት አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከቤቱ ርቆ የማያውቅ፣ ሰው የሚያስፈራው ልጅ አንድ ዓመት ሲሉት ይሸሻል። ሁለት ሳምንት ሲሉት ይሞክራል።

እኛ የእነሱ ገንዘብ የለንም። ግን ለእያንዳንዱ ዘመቻ ቲሸርትና ባነር እናሠራለን። እኔ ብሆን ባነሩን ትቼ ምሳውን አቀርባለሁ። ባነር አይበላም።

ቤት ሲጠገን አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ምን ይሠራል?

ጥያቄው የሚነሳው ቤት ማደስን አንድ ሥራ አድርገን ስለምናየው ነው። እንበትነው። መጀመሪያ የማን ቤት ይታደስ የሚለው አለ፤ ሰፈር ዞሮ መጠየቅ ይፈልጋል። ቀጥሎ ከባለቤቷ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር። ስንት ቆርቆሮ፣ ስንት ኪሎ ምስማር እንደሚያስፈልግ መመዝገብ። ዋጋ መከራከር። ማገር መምታት፣ ጭቃ ማቡካት፣ መምረግ፣ ጣሪያ ላይ መውጣት። ምሳ ማዘጋጀት። ሥራው ሲያልቅ ሒሳቡን መዝጋት። ከሳምንት በኋላ ተመልሶ «ያፈስሳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ።

አሁን እንመልከት። በዊልቸር የሚሄድ ልጅ መዝገቡን፣ ስልኩንና ገንዘቡን ቢይዝ ሥራው ይቀላጠፋል። መስማት የተሳነው ልጅ ጣሪያ ላይ ለመውጣት ጆሮው አይከለክለውም፤ ከታች ላለው ሰው «ቁም»፣ «አቀብል»፣ «ተጠንቀቅ» የሚሉ የእጅ ምልክቶችን አስቀድሞ መስማማት ይበቃል። ዓይነ ሥውር ወጣት ከአሮጊቷ ጋር ተቀምጦ የኑሮዋን ነገር በትዕግሥት ሊሰማ፣ የሰማውንም ሊይዝ ይችላል። የሸክላ ሠሪ ልጅ ደግሞ ጭቃውን ከሁላችንም በላይ ታውቃለች። የትኛው አፈር እንደሚሰነጠቅ፣ ጭዱ ምን ያህል እንደሚበቃ፣ ስንት ቀን ቢሰነብት እንደሚጠነክር። በጭቃው ሥራ ላይ ኃላፊ መሆን ያለባት እሷ ናት። እኛ ግን ተራዋን በመጠጥ ውኃ ማመላለስ ላይ እንጨርሰዋለን።

ይህ ከውጭ የመጣ ዘዴ እንዳይመስላችሁ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ዓይነ ሥውር የቅኔ መምህር ብርቅ ሆኖ አያውቅም። ትምህርቱ በቃል የሚያዝ ስለሆነ ማየት አለመቻል አንደኛ ከመሆን አልከለከለም። ቀደም ያለው ተማሪ ለጀማሪው ያስጠናዋል፤ ማንም አይከፍለውም። ያም በጎ ፈቃድ ነው። ቤቱ የተሠራው ሰውየው በሚችልበት በኩል ስለሆነ ጉዳቱ ቀለለ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት የሚለውም በመሠረቱ ይህንኑ ነው፤ ችግሩ ሰውየው አካል ላይ ብቻ የለም፣ ዙሪያውን ባቆምነው እንቅፋት ላይም አለ።

ለሌላው ሰውስ ምን ይጠቅመዋል?

መጀመሪያ፣ ሥራው ይሻሻላል። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ስንት ሺህ እጅ በአረሙ ላይ ዘምቷል። ውኃው የት ጥልቅ እንደሆነ፣ ነፋሱ አረሙን ወዴት እንደሚገፋ በታንኳ ላይ ያደገ ልጅ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ልጅ መጥራት ለእሱ ውለታ መዋል አይደለም። እግር ስለ መታጠብና ጫማ ስለ ማድረግ የሚያስተምር ወጣትም ከመጽሐፍ ካነበበው ይልቅ በራሱ እግር ያየው ይደመጣል።

ሁለተኛው ይበልጥ ጥልቅ ነው። ሰው የሚንቀውን ሰው መናቅ የሚተወው ምን ሲሆን ነው? ጎርደን ኦልፖርት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ1954 በፈረንጆች ይህን ጠይቆ ነበር። መልሱ፣ ሰዎች ስለተገናኙ ብቻ ንቀት አይጠፋም የሚል ነው። አራት ነገር ሲሟላ ግን ይቀንሳል። በዚያ ሥራ ላይ እኩል ደረጃ ሲኖራቸው፣ አንድ ግብ ሲይዙ፣ ግቡ ላይ ለመድረስ መተባበር ግድ ሲሆንባቸው፣ እና የሚከበር አካል መገናኘታቸውን ሲደግፍ።

ይህን በእኛ አገር መልክ እንየው። ሸክላ ሠሪዋ በየሳምንቱ ከገዢዋ ጋር ትገናኛለች። ለብዙ መቶ ዓመት ተገናኝተዋል። ንቀቱ አልጠፋም፣ ምክንያቱም እኩል ሆነው አንድ ሥራ አልሠሩም። እርዳታ ስንወስድላትም እኩል አይደለንም። እኛ ሰጪ፣ እሷ ተቀባይ። ንቀቱን ልናጠነክረውም እንችላለን። አብረን የሦስተኛ ሰው ቤት ስንሠራ ግን አራቱም ይሟላሉ፤ በተለይ የሰፈሩ ቄስ፣ ሼህ ወይም የእድር ዳኛ መጥቶ ከሁሉም ጋር በአንድ ትሪ ከበላ። አንድ የተከበረ ሰው በአንድ ትሪ መብላቱ ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ከየት ይጀመራል? ምንስ ያሰጋል?

ከመጠየቅ ይጀመራል። ዕቅዱ ካለቀ በኋላ ልጆቹን መጥራት ቤቱ ከተመረገ በኋላ ስለ በሩ እንደማማከር ነው። ሁለትና ሦስት ወጣቶችን ቀድሞ ማግኘት፤ በሚያውቁት ሰው በኩል፣ በሚቀመጡበት ቦታ። «ምን እናድርግላችሁ?» ሳይሆን «ምን ላይ ብትገቡ ትወዳላችሁ? ምን ያስቸግራችኋል?» ብሎ። መስማት ለተሳነው በጽሑፍ ወይም በምልክት፤ ለዓይነ ሥውሩ በስልክ። ከዚያ የመጀመሪያው ሥራ አጭር ይሁን፣ ግማሽ ቀን። አዲስ የመጣውን ከነባር ጋር አጣምሩት፤ ጥንዱን ግን በየጊዜው ቀያይሩ፣ አለበለዚያ አንዱ ጠባቂ፣ ሌላው ተጠባቂ ሆኖ ይቀራል። መታወቂያ ለሌለው የሚያውቀው ሰው ቃል ይበቃ እንደሆነ ከቀበሌው ጋር ተነጋገሩ። ምሳውን በጾምም በፍስክም፣ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ሊበላ የሚችል አድርጉት፤ ሽሮና አትክልት ማንንም አያስቀርም።

ፎቶ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ክራንች የያዘው ልጅ ፊት ላይ ይቆምና ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ስብሰባ ላይ አይጠራም። ልጁ ይህን በደንብ ያውቃል። ተካትቷል የሚባለው ቁልፍ፣ ገንዘብ ወይም ውሳኔ በእጁ ሲገባ ነው።

«በውዴታ ግዴታ» የሚባለውም መጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። ድጋፍ የሚቀበል ልጅ «ካልመጣህ ስምህ ይሰረዛል» ከተባለ የራሱ ፈቃድ የለም፤ ስለዚህ በጎ ፈቃድም የለም። ሌላም አለ። የቀን ሠራተኛ ሲከፈለው የኖረውን ሥራ በነፃ ማሠራት የዚያኑ ደሃ ልጅ እንጀራ መንካት ነው። ከ18 ዓመት በታች ለሆኑት የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ይያዝ፤ ለቤት ሠራተኛዋም ከአሠሪዋ ጋር በክብር ይነጋገሩላት። መንገዱ ሰላም ባልሆነበት ቀን ደግሞ ማንም አይጠራ። ቤቱ ለሳምንት ይቆያል።

የመመዝገቢያ ቅጹን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኛው ቅጽ የቲሸርት ቁጥር ይጠይቃል። የጫማ ቁጥርም ይጠይቅ። ሥራው ጭቃ ውስጥ ነው፣ አፈሩ ቀይ ነው፣ ቦት ጫማ ደግሞ በገበያ ልክ ብቻ ይገዛል። እግሩ ያበጠ ልጅ በመደበኛው ቁጥር የሚሆነው አያገኝም፤ ቀድሞ ከታወቀ ግን ሰፋ ያለ ማሠራት ይቻላል። በቅጹ ላይ አንድ መስመር ናት። ጥያቄውን ለሁሉም ስለጠየቃችሁ ማንም ተለይቶ አያፍርም፤ ልጁም ጠዋት ሲመጣ ስሙ የተጻፈበት ጫማ ከሌሎቹ ጫማዎች መካከል ተደርድሮ ይጠብቀዋል።